ሥሩና አማቹ

ይድረስ ለአባባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ አሁንም መሀል ላይ ቆም ብለው «ዕቃ የረሳሁ መስሎኝ ነው» ይላሉ? እኔ ደህና ነኝ። ጤናዬ ሙሉ ነው፤ የጎደሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ተኳርፈን ስለተለያየን አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤዬ ሁሉ አጭር ነበር። የዛሬው ይረዝማልና ይታገሱኝ።

ሥራዬን በወጉ ነግሬዎት አላውቅም። መድኃኒት የሚቀመምበት ቤት መረከቢያ ክፍል ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ። ፊቴ ቢላዋ፣ አጉሊ መነጽርና አንድ ሳህን ውኃ አለ። የመድኃኒት ሥር በጆንያ ሲመጣ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች እያወጣሁ እሰብራለሁ፣ አሸታለሁ። ሴቶቹ «አፍንጫ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ያን አፍንጫ ማን እንዳሠለጠነው ግን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ እርስዎ ቆፍረው ያመጡትን ሥር እንድለይ ዓይኔን በመሐረብ አስረው፣ «ዓይንን ማንም ያታልለዋል፤ አፍንጫሽን እመኚ» ይሉኝ ነበር። እውነተኛው ሥር ሲሰበር ውስጡ ቢጫ ነው፤ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። መሳዩም ሲሰበር ቢጫ ነው፤ ሽታ ግን የለውም። እሱን «አማቹ» ይሉት ነበር፤ «ከቤተሰቡ ጋር ፎቶ ይነሣል እንጂ ደሙ ሌላ ነው» እያሉ። እማዬ «ወንድሞቼ እንዳይሰሙህ!» ስትልዎት ትዝ ይለኛል።

ማክሰኞ ዕለት ሦስት ጆንያ መጣ። ቋጠሮውን ሳይ ክው አልኩ። ሁለቴ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ የተደበቀ፣ የእርስዎ እጅ ነው። ነጋዴያችን ከእርስዎ እንደሚገዛ አላውቅም ነበር። ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ አይቼ ጆንያውን እቅፍ አደረግኩት። የቤታችን አቧራ መሰለኝ፣ አስነጠሰኝ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ፈታሁት። አንዱን ሰበርኩ፤ ምንም አይሸትም። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። የሦስቱም ጆንያ ግማሹ አማቹ ነበር። ያ ሥር የሰው ጉበት እንደሚጎዳ ደግሞ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

አለቃችን መጥተው አዩና «ይህን የላከ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ አላዋቂ» አሉ።

«ሌባም አላዋቂም አይደሉም» አልኳቸው።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አባቴ ናቸው።»

አለቃችን ደግ ሰው ናቸው፤ «እንግዲያው ወረቀቱ ላይ ሌላ ሰው ይፈርም» አሉኝ። እምቢ አልኩ። «አይገባም» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ፣ በስሜ ፈረምኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። እርስዎም በእኔ ቦታ ቢሆኑ ከዚህ ሌላ አያደርጉም ነበር።

ያን ቀን አውቶቡሱን ትቼ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ባለፈው ደብዳቤዎ «የዘንድሮ ሳሙና ሽታ እንኳ የለውም» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም፣ ድስትዎ አርሮ ሽታው እሳቸው ቤት ድረስ ሲደርስ፣ እርስዎን እዚያው ምድጃው አጠገብ ጋዜጣ ሲያነቡ እንዳገኙዎት በስልክ ነግረውኝ ተሳስቀን ነበር። በመንገዴ ላይ ሁለቱን አገናኝቼ ሳስብ ግን አላሳቀኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። እዚህ አቧራው በዝቶ አፍንጫዬ ደንዝዟል። ከእርስዎ ዘንድ ተቀምጬ እንደ አዲስ ካልተማርኩ ከሥራ መባረሬ ነው። ሥሩ ከዚያው ተለይቶ ቢመጣ ይሻላል ብዬ አለቃዬን አስፈቅጃለሁ። ቦታውን እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለምና እርስዎ ይቆፍራሉ፤ እኔ ደግሞ ልምምድ እንዲሆነኝ አንድ በአንድ አሸታለሁ። ከሰነፍኩ ይቆጡኛል። ቁጣዎም ናፍቆኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት እደርሳለሁ። እስከዚያ ምንም አይላኩ፤ ምድጃውንም ለብቻዎ ሲሆኑ አይለኩሱ። ስለ ጆንያዎቹ አንድም ነገር እንዳያስረዱኝ፤ እኔም አልጠይቅዎትም። ብቻ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ።

እግዜር ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለእርስዎ ይጨምርልኝ። ደጅዎ ሰው አይጣ።

አኩራፊዋ ልጅዎ