የእትዬ ብርቄ ሬዲዮ ጥቁር ዘንግ

ሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን 1977

ብርድ። አሰላ መቼ ብርድ አጥታ ታውቃለች።

አስረኛ ክፍሎችን ጠየቅኳቸው፤ ማግኔት የሚስበው ሁሉ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል? "አዎ ቲቸር!" በአንድ ድምፅ። ሬዲዮ ውስጥ ሆና የጣቢያዎችን ሞገድ ስለምትቀበለው ጥቁር ዘንግ ነገርኳቸው። የዝገት ዱቄት ከሌሎች ዱቄቶች ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሸክላ የተተኮሰች። ማግኔት ይስባታል፣ ኤሌክትሪክ ግን አታሳልፍም። አላመኑኝም። ማሳየት ነበረብኝ... ግን ከየት አምጥቼ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

አከራዬ እትዬ ብርቄ ጢቾ ሄዱ። እህታቸው ታመዋል። ቁልፉን ሰጡኝና "ሬዲዮዋን አደራ" አሉ።

አንድ ልጃቸው ኃይለመስቀል ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ከሬዲዮዋ አይለዩም። በደብዳቤው "ለበዓል ሰላምታ ድምፄን ቀድተውኛል፣ ፋሲካ ዕለት ስሚኝ" ብሏቸዋል። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ፈታኋት። ለአንድ ቀን ብቻ... ምን አለበት? ዘንጓን ከተጠመጠመባት ሽቦ ውስጥ ሳብ አድርጌ አወጣሁና ክፍል ይዣት ገባሁ። ማግኔቱ ላይ ልጥፍ አለች። ከባትሪ ድንጋይና ከአምፖል ጋር ሳገናኛት ግን አምፖሉ አልበራም።

አልጣሽ እጇን አወጣች። "ታዲያ ብረት ናት ሸክላ?" የምወዳት ተማሪ ናት። "ሁለቱም" አልኩ።

አርብ፣ መጋቢት 13

ዘንጓን ዛሬ መመለስ ነበረብኝ። መጽሔቱ አሳሳተኝ... ወይስ እኔው ነኝ?

ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት አሮጌ መጽሔት ነው፤ እንዲህ ይላል። አንዱ ሸክላ ማግኔት ሲቀርበው በጥቂቱ ይለጠጣል ወይ ይኮማተራል፤ ሌላው ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ሁለቱን ቀላቅለህ ብትተኩስ፣ ማግኔቱ አንዱን ሲነካው እሱ ጎረቤቱን ይጨምቃል፤ ኤሌክትሪክ ይወጣል። እንደ ባልና ሚስት፤ አንዱን ስትነካ ሌላው ይናገራል።

ምድጃ የለኝም። ማጣበቂያ ግን አለኝ። ከትምህርት ቤቱ የተበላሸ ግራማፎን ራስ ውስጥ ያችን ስትጨመቅ ኤሌክትሪክ የምትሰጠውን ትንሽ ሸክላ አውጥቼ ከዘንጓ ጋር አጣበቅኩ፣ ሽቦዋን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘሁ። ማግኔት አቀረብኩ... ቀጭ! ጠረጴዛውን ነክቼው ይሆን? ደገምኩ። ቀጭ። በደስታ ብድግ ስል ዘንጓን በክርኔ መታኋት። ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ሦስት ቦታ ተሰበረች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ሬዲዮ ጠጋኙ ሀሰኖ ጋ ሮጥኩ።

"አቦ መምህሬ፣ ይቺ ከአዲስ አበባ ነው የምትመጣው። ከፋሲካ በኋላ።"

"ከፋሲካ በኋላ ምን ያደርግልኛል?"

"በልኳ ብረት እንቁረጥላት እንግዲህ። ማግኔት የሚስበው አይደል?"

እኔም እሺ አልኩ! ቆረጥን፣ ከተትን... ሬዲዮዋ ጭጭ። ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የመጣውን ሞገድ እዚያው በልቶ ያስቀረዋል። ሰኞ ያስተማርኩትን ቅዳሜ ረሳሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ፍርፋሪዋን ለቅሜ አደቀቅኩ። ዱቄቱን ከማጣበቂያ ጋር ለውሼ ስንጥቆቹን ሞላሁ፣ በክር አሰርኳት። ሁለት ቀን ደረቀች። ዛሬ ከፈትኩ... ትናገራለች። ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ሰው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እስከ ፋሲካ ብቻ አትፈቺ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

እትዬ ብርቄ መጡ። እህታቸው ተሽሏቸዋል። ሬዲዮዋን ከፈቱና "ጉንፋን ይዟታል" አሉ።

"ብርዱ ይሆናል" አልኩ። ብርዱ! ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ እኮ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 1

አልነገርኳቸውም። ነገ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 2

ነገ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6፣ ፋሲካ

ዶሮው ቀርቦ ማናችንም አልነካነውም። ሰላምታው ተጀመረ። የአንዱ እናት፣ የሌላው እናት... ድምፁ እየራቀ ሄደ።

"ፊቷን ወደ ናዝሬት መንገድ አዙራት" አሉኝ። "ትንሽ... አለፍክ፣ ተመለስ።" እውነታቸውን ነው፤ ዘንጓ ለጣቢያው ጎኗን ስትሰጥ ነው አጥርታ የምትሰማው። ማን አስተማራቸው?

መጣ። "እናቴ ወይዘሮ ብርቄ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። እኔ ደህና ነኝ። መምህር ፍሰሐን ሰላም በይልኝ። ሬዲዮሽን እንዳይፈታብሽ አደራ።"

እያለቀሱ ሳቁ። ልጁ ከሄደ ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ዘንጓን፣ ቀጭ ያለውን፣ ብረቱን፣ ማጣበቂያውን።

"ከጢቾ የተመለስኩ ዕለት አውቄዋለሁ" አሉ። "የድምፁን ቁልፍ ገልብጠህ ገጥመኸዋል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ዕቃዬን የሚነካካብኝ ኃይሌ ነበር። አሁን አንተ ብቻ ቀረኸኝ። ብቆጣህ ቤቱን ትለቃለህ ብዬ ፈራሁ።"

እኔ እንዳያስለቅቁኝ፣ እሳቸው እንዳልለቅባቸው... ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁለታችንም ሬዲዮዋን ጉንፋን አስያዝናት። እወዳቸዋለሁ። እዚህም ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ጠዋት ሬዲዮዋን ታቅፈው ክፍሌ ድረስ መጡ። "ፍታት፤ እኔም ልያት።"

ፈታኋት። መነጽራቸውን አድርገው ጥቁሯን ዘንግ ዳበሷት፤ ስንጥቋን፣ ክሯን።

"ልጄ በዚህች ነው የመጣው?"

"በዚህች ነው።"

ዘንጓን መልሰው እየሰጡኝ፣ "ያንን ቀጭ ያለውንስ መቼ ነው የምታሰማኝ?"

ሀሰኖ ያላት አዲሷ ዘንግ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አልኳቸው። የድምፁን ቁልፍ አሁን እሳቸው ገጠሙት። በትክክል።