ማዕበል ላይ ስለ መዞር

መካነ ሰላም
ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለመለሰ ካሳ፣
አውስትራሊያ

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ አለን። ደብዳቤህና ሦስቱ ፎቶግራፎች ደርሰዋል። ውኃ ምሕንድስና ልትማር ሄደህ ጣውላ ላይ ቆመህ ማዕበል ትጋልባለህ፤ ይባስ ብለህም “ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ ስዞር ግን እወድቃለሁ” ትለኛለህ። እዚህ ከረሃቡ የተረፈው ገበሬ በሬ አጥቶ መሬቱን በዶማ ይቆፍራል። ይህን ልብ በል።

የምትወድቀው ተገትረህ ስለምትዞር ነው። ጉልበትህ እንደ ብትር ደርቋል። ዝቅ ማለት ሲገባህ ከወገብህ ታጎነብሳለህ። ይህ እጅ መንሳት ነው፤ እጅ መንሳት እዚህም ቀርቷል። ጉልበትህን እጠፍ፣ ጀርባህን አቅና፣ ስትዞር ክብደትህን በኋለኛው እግርህ ላይ ጣል። ከሁሉ የከፋው ዓይንህ ነው፤ እግርህን ታያለህ። ወደ ዓባይ ስንወርድ በበቅሎም እንዲሁ ነበርህ። ጠመዝማዛው ላይ መንገዱን ትተህ ገደሉን ታያለህ፣ በቅሎዋም ወደዚያው ትሳባለች። መጀመሪያ ዓይን ይዞራል፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ዳሌ፤ ጣውላው ራሱ ይከተላል።

በግምት አልጻፍሁም። ግቢ ውስጥ ሳንቃ በድቡልቡል ግንድ ላይ አጋድሜ ቆሜበታለሁ። ጎረቤታችን ነጋዴው ጀብሪል በአጥር አየኝና፣

“ወላሂ ጋሼ ካሳ፣ አብዮቱ እርስዎንም አናወጠዎት?” አለኝ።

መልስ ልሰጠው ዞር ስል ወደቅሁ። እናትህ ሳቀች። እኅትህ ብርሀንነሽ በመጠለያው ረሃብተኞችን ስታስታምም በያዛት ተስቦ ካረፈች ወዲህ እናትህን ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኋላ ግን እናትህ አንዱን ፎቶግራፍ ይዛ መጣች።

“ይኼ ሁሉ ውኃ ነው?”

“ውኃ ነው።”

“አንዷን አፈር በላት። የቀረኝን ደግሞ ለውኃ ልስጥ? ተው ይበሉት። ዛሬውኑ ይጻፉለት።”

እጽፋለሁ ብያታለሁ። እንግዲህ እናትህ “ተው” ብላሃለች። ካልተውህ ግን ጉልበትህን እጠፍ።

እኔ በበኩሌ የምጨምረው የለም። ስሕተትህን ካረምህ በኋላ ሌላ ፎቶግራፍ ላክ፤ ጉልበትህና ዓይንህ በደንብ ይታዩ። አንድ ደግሞ ከውኃው ወጥተህ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ ቆመህ ተነሣ። እርሱን አስቀድመህ ላከው።

የኖኅን መርከብ በተራራ ያሳረፈ አምላክ እግርህን በምድር ያጽናልን።

አባትህ
ካሳ