መስኮቱ ተዘግቶ ነበር

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ገብረ ኪዳን፤ ደሃና።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ሆነ? ቁልቁለት ሲወርዱ ያምዎት የነበረው ጉልበትዎስ ተሻለው? እናቴ፣ እህቴ ሩሐማ፣ ከብቱም ጎረቤቱም ሁሉ ደኅና ነው? የደሃና ሰው በገበያ ባገኘሁ ቁጥር እየጠየቅሁ፣ ደኅና ናቸው ሲሉኝ ግማሹን እያመንኩ ሰነበትኩ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደኅና ነው። ከጤናዬ በቀር ግን ደኅና ነው የምለው ነገር የለኝም።

ስልክ ያልደወልኩት በቸልታ አይደለም። በጎረቤታችን በእማዋይሽ ስልክ ብደውል ድምፁን ከፍ አድርጋ ደጃፍ ላይ ነው የምታሰማችሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ከእናንተ እኩል ይሰማል። ይህን ግን መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን እንዲያነቡት ፈለግሁ።

የኔታ ገብረ አማኑኤል መስኮት መዝጋት ረስተው የደብሩን ከበሮ አይጥ አስበሉ፣ ከዕቃ ቤት ጠባቂነታቸውም ወረዱ የሚለው ወሬ እርስዎም ዘንድ ደርሷል። አይጥ አልነካውም። የቀደድኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። መምህር ተስፋው የሚባሉ የፊዚክስ መምህር ከደብረ ማርቆስ ተመድበው ሲመጡ ጊታር ይዘው መጡ። እኔና ሁለት የክፍሌ ልጆች፣ ቅጣውና እንዳለው፣ ጊታሩን ከሚኒ ሚዲያ ክበቡ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝተን ባንድ አቋቋምን። የምንጫወተው ሮክ የሚባለውን የፈረንጅ ሙዚቃ ነው። እርስዎ ቢሰሙት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ፍየሎች የተጣሉ ይመስልዎታል። ቅጣው ጊታሩን ያዘ፣ እንዳለው ዘፋኝ ሆነ፤ የቄስ ልጅ ነው፣ እጁ ያውቃል ብለው ከበሮውን ለእኔ ሰጡኝ። ከበሮ ግን አልነበረንም። ጀሪካን ገልብጬ፣ የድስት ክዳን በሽቦ አንጠልጥዬ ሞከርኩ፤ ጀሪካን ግን እንደ ከበሮ ደረት ውስጥ አይገባም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። በጾሙ ከበሮ አይመታም፤ ስለዚህ የደብሩን ከበሮ እስከ በዓሉ ድረስ የሚፈልገው የለም። ዲያቆን ባልሆን ይህ ነገር ትዝም አይለኝም ነበር። በጾም መዝፈኑ ሳያንሰኝ፣ የተማርኩትን ሥርዓት ለስርቆት አዋልኩት። የኔታ ለቅሶ በሄዱበት ቅዳሜ ቁልፉን ከራስጌያቸው አውርጄ፣ ከበሮውን በማዳበሪያ ከትቼ ተሸክሜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ምንድን ነው ላለኝ ሁሉ፣ አባቴ የላከልኝ ስንቅ ነው አልኩ። መምህር ተስፋው ሲጠይቁኝም የአባቴ ከበሮ ነው አልኳቸው። የዋሸሁት ሁሉ በእርስዎ ስም ነው።

አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ያን ሰሞን የተደሰትኩትን ያህል በዕድሜዬ ተደስቼ አላውቅም። ከበሮው ሲጨመርበት ዘፈናችን ነፍስ ዘራ፤ ልጆች በመስኮት እየተንጠላጠሉ ያዩን ነበር። በኋላ ግን የሮክ ሰዎች ሲያደርጉ በስልክ አይቼ፣ በእጅ የሚመታውን ከበሮ በዱላ መምታት ጀመርኩ። ቆዳው ከዳር እስከ መሃል ተተረተረ። በዚያው ማዳበሪያ መልሼ፣ የተቀደደውን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቀልኩት።

ቅዳሜ ሥዑር ጠዋት ከበሮው ሲወርድ ጉዱ ታየ። አይጥ ነው ተባለ፤ አይጥ ደግሞ የሚገባው በመስኮት ነውና የኔታ ሳይዘጉት ቀርተው ነው ተባለ። እርስዎን ዜማ ያስተማሩ፣ ለእኔም ቤታቸውን የሰጡኝ ሰው፣ ረስቼው ይሆናል ብለው ቁልፉን አስረከቡ። እኔ ቄጤማ ታቅፌ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቄጤማዬን ማደል ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ በር ከዘጉ በኋላ ተመልሰው በእጃቸው ይዳስሱታል። እሳቱን ማጥፋታቸውን እኔን ይጠይቁኛል። ልጆቹን ማስተማርም ተዉ፤ መስኮት የረሳ ራስ ዜማውንስ አለመርሳቱን በምን አውቃለሁ አሉኝ። ባለፈው ሳምንት እርስዎ ከማሩ ጋር የላኩላቸውን ደብዳቤ ያነበብኩላቸውም እኔ ነኝ፤ ዐይናቸው ደክሟልና። «እርጅና ነው፣ የኔታ፤ አይዘኑ» ካሉት ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ወረቀቱን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ይቆጡኛል፣ ከቤታቸውም ያስወጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣

«እንግዲያ መስኮቱን ዘግቼው ነበር?» አሉኝ።

«ዘግተውት ነበር፣ የኔታ።»

ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ መለስኩላቸው። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቁ። አባባ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ላይ መቆጣቱ ትዝም አላላቸውም፤ የወሰድኩባቸው ከበሮውን ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለማንም እንዳልናገር አዘዙኝ። እሳቸው ማወቃቸው እንደሚበቃቸው፣ እኔ ግን ገና ልጅ ስለሆንኩ ከአገልግሎት እንዳይከለክሉኝ እንደሚፈሩ ነገሩኝ። ትእዛዛቸውን አልጠብቅም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ ቅጣውና እንዳለውም አብረን እንቆማለን ብለውኛል። ከድቁናዬ ቢያግዱኝ በየገበያው የሚነሣው የእርስዎ ስም ነው። ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው የጻፍኩት። ባንዱ አልፈረሰም፤ አሁንም ጀሪካኔን እመታለሁ። ተው ካሉኝ እተዋለሁ፤ በራሴ ተውኩት ብዬ ብጽፍ ግን ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ነገሩን በቋንቋዋ በኽምጣንጋ ሲነግሯት አያለሳልሱላት፤ ሰረቀ የሚለውን ቃል አይዝለሉት። አያቴን ወለተ ሰንበትን በጸሎታቸው እንዲያስቡኝ ይንገሩልኝ። ሩሐማ ከወንድሟ ክፉ እንዳትማር፣ በትምህርቷም እንድትበረታ ይምከሯት። እማዋይሽም በስልኳ ስላልደወልኩ እንዳትቀየመኝ ሰላም ይበሉልኝ።

እኔን ይቅር ለማለት አይቸኩሉ። ለየኔታ ግን ሌላ ደብዳቤ ይጻፉላቸው፤ እርጅና ነው ያሉትን ያንሡላቸው። የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ልጅዎ
ምስጋናው ገብረ ኪዳን
ሰቆጣ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.