ከሦስቱ ጉድጓዶች አደባባይ ስለተነቀለው አግዳሚ ወንበር

ለክቡር ዶክተር ፍላቪዮ ቱሮላ
በቬኒስ የአጭር ጉብኝት ሥርዓት ማስከበሪያ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከባሕሩ ማዶ፣ ሊፍት ባለው ቢሮዎ ውስጥ፣ በሙሉ ጤንነት ለስላሳ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ለጉልበትዎ ጤና እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል። እኔ አልቪዜ ባላሪን እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በዕቃ ጀልባ ማቀዝቀዣና ቁም ሣጥን ለዚህ ከተማ ሰው ሳደርስ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለዚህ የትኛው ድልድይ ስንት ደረጃ እንዳለው ከጽሕፈት ቤትዎ ካርታ ይልቅ ወገቤ ያውቀዋል።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። «ቬኒስ በሦስት ሰዓት ውስጥ» የተባለው የጉብኝት መንገድ በሰፈራችን እንዲያልፍ በማድረግዎ ክብር ተሰምቶናል። ዱሮ ዳቦ ገዝቶ መመለስ አምስት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። አሁን ዣንጥላ ከፍ ካደረገች አስጎብኚ ኋላ የተሰለፈው ስልሳ ሰው እስኪያልፍ ግድግዳ ተደግፌ ስጠብቅ፣ የተወለድኩበትን ሰፈር ታሪክ በአራት ቋንቋና በአራት ዓይነት ስህተት በነፃ እማራለሁ።

ወደ አቤቱታዬ ልግባ። ለአሠራርዎ እንዲመች በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. በሦስቱ ጉድጓዶች አደባባይ ላይ ቀይ ቀለሙ የለቀቀ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበረ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ኤርሲሊያ ናርዶ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከቤታቸው እስከ ዓሣ ሻጩ፣ ከዚያም ካርታ እስከሚጫወቱበት ወይን ቤት ድረስ ሁለት ድልድይ አለ። የመጀመሪያውን ወጥተው ይወርዳሉ፣ አግዳሚው ላይ ሩብ ሰዓት ያርፋሉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይያያዙታል። መኪና በማይገባበት ከተማ የአዛውንት መንገድ የሚለካው ከመቀመጫ እስከ መቀመጫ ነው። በግንቦት ወር ሠራተኞችዎ መጥተው አግዳሚውን ነቀሉት። ምክንያቱም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ ጎብኚዎች ተቀምጠው ምሳ ስለሚበሉበት የአደባባዩን ውበትና የመንገዱን ፍሰት ያውካል። ሰው ተቀመጠበት ብሎ መቀመጫ የነቀለን ጭንቅላት አደንቃለሁ። በዚሁ አካሄድ ሰው ተሻገረባቸው ተብሎ ድልድዮቹም የሚነሱበትን ቀን በጉጉት እጠብቃለሁ።

፪. አግዳሚው በተነቀለ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ኤርሲሊያ ዘንቢላቸውን ይዘው የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አረፍ አሉ። ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰ ጠባቂዎ ወዲያው ከተፍ አለ። እዚያው ስለነበርኩ ንግግራቸውን እንደወረደ አሰፍረዋለሁ።

«እማማ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው። ይነሱ።»

«እነሳለሁ ልጄ፣ ጉልበቴ ከፈቀደልኝ።»

«ለመሆኑ ነዋሪ ነዎት ጎብኚ?»

«ክርስትና የተነሳሁት እዚህ ነው። የተዳርኩትም እዚሁ ነው። ባሌንም የሸኘሁት ከዚሁ ነው። እንግዲህ አንተው ወስን።»

«እሺ፣ ነዋሪ ብለን እንያዘው። ነዋሪም ቢሆን አይቀመጥም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ወይዘሮ ኤርሲሊያ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ዛሬ ስልሳ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ዓሣውን እኔ እገዛላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ይኼማ ባለፈው ሳምንት የሞተ ነው፤ ሻጩ ፊትህን አይቶ ነው የሸጠልህ» ይሉኛል። ካርታውን ግን ልጫወትላቸው አልችልም። በመስኮት ቁልቁል አደባባዩን ሲያዩ ሳገኛቸው ሰላም ብዬ አልፋለሁ።

፫. ወይዘሮዋ በገዛ እጃቸው ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፉልዎ። ስልክ ይደውሉ ብላቸው «እንደ ማንኛውም ሰው በጽሑፍ አመለክታለሁ፤ ያነበዋል» አሉኝ። መልሱ በአሥረኛው ቀን መጣ። «ውድ ጎብኚ፣ በከተማችን ስላደረጉት አጭር ቆይታ እናመሰግናለን። የመቀመጫ ፍላጎትዎን በተመለከተ፣ ለአጭር ጉብኝት ቆሞ መመልከት ይመረጣል። ዳግም እንደሚመለሱ ተስፋ እናደርጋለን።» ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለበት። ሰማንያ ስድስት ዓመት አጭር ቆይታ ከሆነ፣ ረጅሙን ለማየት ዕድሜ ይስጠን። አብሮ የመጣው መምሪያ ደግሞ በጣም ጠቅሞኛል፦ «አጭር ጎብኚ ማለት ከውጭ መጥቶ፣ ሳያድር፣ ፎቶግራፍ አንስቶ በዚያው ቀን የሚመለስ ሰው ነው» ይላል። እባክዎ ይህን ትርጉም አይርሱት፤ እመለስበታለሁ።

፬. ባለፈው ረቡዕ ወይዘሮዋ ወጥ ቤታቸው ካሉት ሁለት ወንበሮች አንዱን ሰጡኝ። አግዳሚው የነበረበት ቦታ ላይ አቁሜ በጀልባ ገመድ ከአንዱ የውሃ ጉድጓድ ብረት ጋር አሰርኩት። እሳቸው ጫማቸውን አድርገው እስኪወርዱ ድረስ ጠባቂዎ ገመዱን ቆርጦ፣ «ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ» የሚል ወረቀት ለጥፎበት፣ በጀልባ ይዞት ሄደ። ባለቤቱ ግን የቤታቸውን የውጭ ደረጃ እየወረዱ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመው አዩትና ተመልሰው ወጡ።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን እንደ እርስዎ ያለ ሰው አራት ነጥብ በአንድ ቀን ማንበቡም ብዙ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አግዳሚውን ይመልሱልን። ቀለሙን እኔ እቀባዋለሁ።

ሥራቸውን ሳይለቁ ሥራቸውን ከረሱት ሁሉ ከፍ ላለው ማዕረግዎ ተገቢውን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ግድግዳ ተደግፌ ተራዬን እየጠበቅኩ፣

ታዛዥዎ አልቪዜ ባላሪን

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለወይዘሮ ኤርሲሊያ አነበብኩላቸው። ሥራቸውን ረሱ ያልኩትን አልወደዱትም፤ «በዝቶበት ነው» አሉ። እናት ናቸውና አልተከራከርኳቸውም። እርስዎ የእናትዎን የእጅ ጽሑፍ አላወቁትም፤ እሳቸው ግን ፊርማዎን ገና የመልሱን ወረቀት ስዘረጋው አውቀውት፣ «የመጀመሪያዋን ፊደል ዛሬም እንደ ልጅነቱ ያጣምማታል» ብለው ፈገግ አሉ። ታዲያ ሲመጣ ለምን አይነግሩትም ብላቸው «ያለው ሁለት ሰዓት ነው፤ እሱንም ይብላበት» አሉኝ። እርስዎም በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የባሕሩን ድልድይ በባቡር ተሻግረው ይመጣሉ፤ በሽንኩርትና በኮምጣጤ የተሠራውን ሰርዲን ይበላሉ፤ ከመስኮታቸው ቦዩን ፎቶግራፍ አንስተው በአሥር ሰዓቱ ባቡር ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚባል መምሪያዎ ላይ ተጽፏል። ጠባቂዎ የወሰደው ወንበር እርስዎ የሚቀመጡበት ነበር። የፊታችን እሑድ ምሳዎን ቆመው ይበላሉ።