በናንትግዊን ትምህርት ቤት ስለቀረው ወንበር

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954፦ የወንድሜ የኢቴል ፓሪ የቀኝ ጆሮ ታምቡር ተቀደደ።

ለተከበሩ ሚስተር ቴከዊን ሃሪስ፣ የናንትግዊን ትምህርት ቤት ቦርድ ሰብሳቢና የታሪኩ ጸሐፊ፤

ጤናዎ፣ በተለይም የሁለቱ ጆሮዎችዎ ጤና፣ የተሟላ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የትምህርት ቤታችንን ታሪክ በሚያምር ጠንካራ ሽፋን አሳትመው ለእኔም አንድ ቅጂ ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጥቂት ቅሬታ ግን አለኝ፤ እዚያው እንደተማርኩት በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለዚያ ዓመት የቅዱስ ዳዊት በዓል "ለግጥም ወንበሩ የሚበቃ አልተገኘም፤ በዓሉም በሰላም ተፈጸመ" ብለው ጽፈዋል። ለምርጥ ገጣሚ የሚሸለመው ወንበር ባለቤት ተገኝቶ ነበር። ዳኛው ቄስ አሸናፊውን ግጥም በዌልሽ ሲያነቡ፣ ቋንቋችንን የማያውቁት ርእሰ መምህር ሚስተር ፕሮሰር ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ እርስዎ፣ ያኔ የተማሪዎች አለቃ ወደነበሩት፣ ዘንበል ብለው "ምን ይላል?" አሉ። እርስዎም "ስለ አርጩሜዎ ነው ጌታዬ፤ ከብት ነጂ ይልዎታል" አሏቸው። ይህ የትርጉም ችሎታዎ በመጽሐፉ አለመጠቀሱ ትሕትናዎን ያሳያል።

2. እንደ ልማዱ የገጣሚው የብዕር ስም ሲጠራ ኢቴል ከመሃላችን ተነሳና ወደ ወንበሩ ተመራ። ሚስተር ፕሮሰር ከራሱ በላይ ሊይዙለት የሚገባውን የበዓሉን ሰይፍ ከነአፎቱ አዙረው በእጀታው ጆሮውን መቱት። ሲወድቅ ደገሙት። ደሙ በወንበሩ ክንድ ላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። በዌልሽ የሚያውቁት የበዓሉን ጥያቄ ብቻ ነበርና፣ ሥርዓቱ እንዳይጓደል ሦስት ጊዜ "ሰላም ነው?" ብለው ጠየቁ፤ አዳራሹም ሦስት ጊዜ "ሰላም" ብሎ መለሰ። ስለዚህ "በሰላም ተፈጸመ" ማለትዎን ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም።

3. ሚስተር ፕሮሰርን "ጥብቅ፣ ግን አባት" ብለዋቸዋል። አብሮን የተማረው ግሪፍ ኦወን ጣቶቹ በዴስክ ክዳን የተሰበሩት በአባትነት መሆኑን እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር። ገጽ መግለጥ ስለሚያስቸግረው እኔ አነበብኩለት።

4. ወንበር ያሸነፈ ወንበሩን ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ይህን የአገራችን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የኢቴልን ወንበር ግን ነገ በሚስተር ፕሮሰር ስም በሚሰየመው አዳራሽ፣ ከፎቶግራፋቸው ሥር ሊያኖሩት ነው። እባክዎ ይመለስ ብዬ ስደውልልዎ "ኔስታ፣ የበረደ እሳት አትቆስቁሺ። ኢቴል እንደሆነ አይሰማ" አሉኝ። በግራው ይሰማል። ያሉትን በግራው ነግሬዋለሁ። ወንበሩን ሊቀመጥበት እንደሚፈልግ ነገረኝ።

ለዕውቀትዎ፣ ለብዕርዎና ለረጅም ዕድሜዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ አለቃችን ሳሉ እንዳስተማሩኝ አንገቴን ደፍቼ እሰናበታለሁ፤

ኔስታ ፓሪ፣ የገጣሚው እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የጻፍኩት ቴምብር ልገዛ ፖስታ ቤት ተሰልፌ ነው፤ ተራዬ ሳይደርስ ወጥቻለሁ። የበግ መጫኛ ተጎታቼ ውጭ ቆሟል፤ የትምህርት ቤቱ በር ተቆልፎ እንደሆነም መጥረቢያ ይዣለሁ። ደብዳቤውን ወንበሩ በነበረበት ቦታ ያገኙታል። ደጃፉ ላይ ከተገናኘን ግን፣ ስለ አምላክ፣ "ሰላም ነው?" ብለው እንዳይጠይቁኝ።