ያልተከፈተው ለስላሳ

ኅዳር 9፣ ኮኪት

ደስታው እስካሁን አልበረደልኝም! ዛሬ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ሰው፣ ካላዛር ይዞን የዳንን ሰዎች ወዳቋቋምነው ማኅበር መጣ። በየእርሻው እየዞርን ለሰሊጥ አጫጆች ስለ በሽታው ስናስተምር የነዳጁን ወጪ ሊሸፍንልን ነው። ገና ከመቀመጡ ለሁላችንም ቀዝቃዛ ለስላሳ አስመጣ።

ውሃ ጥም አቃጥሎኝ ነበርና ጠርሙሱን ሳነሳ ሊቀመንበራችን ጋሽ ደምሌ እጄን ያዙኝ። ዕድሜያቸውን በቀን ሥራ ያሳለፉ የወሎ ሰው ናቸው። እዚህ አገር የቀን ሠራተኛ በዋጋ ሳይስማማ የአሠሪውን ሻይ አይጠጣም፤ ከጠጣ እሺ እንዳለ ይቆጠርበታል።

"ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንነጋገር" አሉኝና ወደ እንግዳው ዞሩ። "የኩባንያዎን ስም ደረታችን ላይ አንለጥፍም። ገንዘቡን ማን እንደሰጠን ለሁሉም እንናገራለን። መድኃኒትዎ የሚያመጣው ጉዳት ካለም አንደብቅም።"

"የመጨረሻውን እንኳ ቢተዉልን" አለ ሰውየው።

"እንግዲያው ለስላሳዎን ይውሰዱ።"

ለስላሳው ጠረጴዛው ላይ እየሞቀ ነው። ነዳጁ ቀረ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ሰውየው ውጭ ወጥቶ አለቆቹ ጋ ደወለና ተመለሰ። "ይሁን፣ እንደዚያው ብለን እንፈራረም" አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

ከፈረምን በኋላ ጠጣነው። ሻይ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል፤ እንደሱ የጣመኝ ነገር ግን የለም።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። እጄን ባይዙኝስ ኖሮ? ጋሽ ደምሌ ለከርሞ ሊቀመንበርነቱን የሚያስረክቡት ለእኔ ነው።