ስታዲየም የሚገባው ፎቶ

ልጄ ምንተስኖት፣ እንደምን ከርመሃል? ወጥተህ በገባህ ቁጥር ቅዱስ ሚካኤል ከፊት ከኋላህ ይሁን። እኛ ደህና ነን። የአዳማ ሙቀት ዘንድሮ ብሶበታል። እህትህ ልዩ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ገብታለች።

በሰው እጅ ወረቀት የምልክልህ ስልኩን የሚሰማው አይጠፋም ብዬ ስለፈራሁ ነው። እዚያ ሰው አገር ስታዲየሙን ስትሠሩ ወድቆ የሞተውን የጓደኛህን የምልኬሳን ፎቶ በዓለም ዋንጫው ጨዋታ ላይ «ይዤ እቆማለሁ፣ የሠራተኛው መብት ይታወቅ» ካልከኝ ወዲህ ሌሊቱን ስጸልይ ነው የማድረው። ቢያስሩህስ? ማንን፣ የት ሄጄ ልጠይቅ?

እባክህ ተወው ልልህ ወረቀት እንዳነሳሁ የምልኬሳ እናት ዘርፉ ወሬው ደርሷት ከአቦምሳ መጣች። «ኳስ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው አሉ፤ ልጄን እንዳየው አብረሽኝ ግቢ» አለችኝ። ሬሳው የመጣው በታሸገ ሳጥን ስለነበር ፊቱን አላየችውም። ምን ልበላት?

እመብርሃን ትጋርድህ፣ ልጄ። ብቻ አንድ ነገር ልለምንህ፤ ፎቶውን ከፍ ስታደርግ ፊትህን እንዲሸፍንልህ አድርገህ ያዘው። እሷ ልጇን ትየው፤ እኔ በእጆችህ ለይቼ አውቅሃለሁ።

እናትህ ጥሩነሽ